የ«ቨርቲጎ» ሙዚቃ፦ የፊልሙ ቅጂ ወይስ የስኮትላንዱ?

የአልፍሬድ ሂችኮክን ፊልም «ቨርቲጎ» ሙዚቃ ለብቻው ማድመጥ ለሚፈልግ ሁለት ጥሩ ምርጫዎች አሉ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1958 ለፊልሙ የተቀዳው ነው። አቀናባሪው በርናርድ ኸርማን ራሱ ሊመራው ሲገባ የአሜሪካ ሙዚቀኞች አድማ መቱ፤ ሥራው ወደ ለንደንና ቪየና ተሻገረ፣ መሪነቱም ለሙር ማቲሰን ደረሰ። የለንደኑ በስቴሪዮ (ግራና ቀኝ በተለየ ድምፅ)፣ የቪየናው በሞኖ (በአንድ ድምፅ ብቻ) በመቀዳቱ ከለንደኑ ወደ ቪየናው ሲታለፍ ድምፁ ይጠባል።

ሌላው የኦርኬስትራ መሪው ጆኤል ማክኒሊ በ1990ዎቹ ከሮያል ስኮቲሽ ናሽናል ኦርኬስትራ ጋር እንደ አዲስ የቀዳው ነው። በመክፈቻው፣ ያ የሚሽከረከር ዜማ ሲጀምር፣ ሃርፑ ከቫዮሊኖቹ ተለይቶ ይሰማል። በድምፅ ጥራት ውድድር የለም። የፍቅሩ ትዕይንት ላይ ስደርስ ግን ወደ አሮጌው እመለሳለሁ፤ ቅጂው ሻካራ ቢሆንም የማቲሰን ቫዮሊኖች ያቃስታሉ፣ የማክኒሊ ግን አሳምረው ይጫወታሉ።