የእህቴ መምህርት፣ እግዜር ይስጥልኝ

ይህን የምጽፈው ልቤ ሞልቶ ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ ታናሽ እህቴን የማስተምራት እኔ ነኝ። ኮዬ ፈጬ እንጀራ እየጋገርኩ ለሱቆች አስረክባለሁ። እሷ ነርሲንግ ትማራለች።

መጀመሪያ የገባችበትን ኮሌጅ ስም አልጠራም። ዓመቱን ሙሉ እያለቀሰች ነበር የምትመለሰው። የጠየቀ ተማሪ በሽተኛ ፊት ይሰደባል። የተሳሳተች "አንቺን ብሎ ነርስ!" ትባላለች። ልጆቹ ታዲያ ምን ለመዱ? መደበቅ። ከኮሌጁ ስልክ ከተደወለ ወይ ክፍያ ነው ወይ ክስ። ምጣድ ላይ ተጠብሼ ያመጣሁት ገንዘብ ነበር፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ዘንድሮ ገላን ወዳለ ኮሌጅ አዛወርኳት። አፓረንት (የተግባር ልምምድ) በወጡበት ጤና ጣቢያ የአንድ አባትን የደም ግፊት ስትለካ በማዳመጫው ምንም አልሰማችም። ፈራችና 120/80፣ ጤነኛ ነው ብላ ጻፈች፣ እንደለመደችው። ሽማግሌው ተነስተው ሲሄዱ ግን አላስችላት አለ። ሮጣ ለመምህርቷ ለሲስተር ነገረቻቸው።

ሲስተር አልጮሁም። እጇን ይዘው አባትየውን በር ላይ ደረሱባቸው። "አባባ ይቅርታ፣ ድጋሚ እንለካዎት" አሉ፣ ጥፋቱን የራሳቸው አድርገው። ከዚያ ቀስ ብለው አሳዩዋት። አለካኩ ለእኔ አይገባኝም፤ ብቻ በገዛ ጆሮዋ ሰማች። 180/110፣ በጣም ከፍተኛ! ሰውዬው እኮ ምንም አላመማቸውም። ለካ ግፊት ምልክት ሳያሳይ ይቆያል። በዚያው ሐኪም ጋ ገቡ።

ማታ ሲስተር ደወሉልኝ። ልቤ ወረደ። "እህትሽ ዛሬ እውነቱን ነገረችኝ። አልሰማሁም ማለት ነውር የለውም። ከእንግዲህ የጻፈችውን አምናለሁ" አሉኝ። ሊጡን ትቼ አለቀስኩ።

የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት እንግሊዝ አገር ነርስነት መማሯንም ከሲስተር ነው የሰማነው። እህቴ ድሮ ምን ትማሪያለሽ ስትባል ታቀረቅር ነበር። አሁን ጋወኗን ማታ ተኩሳ ነው የምትተኛው።

ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ ኮዬ ያላችሁ፣ ልጃችሁን ከማስመዝገባችሁ በፊት እባካችሁ ተማሪዎቹን አነጋግሩ። ስትሳሳቱ ለማን ትነግራላችሁ በሏቸው። ስማቸውን ያልጻፍኩት ሲስተር ስሜ አደባባይ አይውጣ ስላሉኝ ነው፤ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እጠቁማችኋለሁ። እንዲህ ያለ መምህር አይገኝም! ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ፈተናዋ ደርሷል። ማታ ማታ ክንዴን ጠቅልላ ትለካኛለች። አንዳንዴ ፊቷ ይጨማደድና "አልሰማሁም እቴቴ፣ ድጋሚ" ትለኛለች።