«ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» በመንዝ መንገድ፦ ለጆሮ አንደኛ፣ ለአፍ ግን…

አስጎብኚ ነኝ። ሥራዬ መንዝ ጓሳ፣ ማኅበረሰቡ የሚጠብቀው የሳር ምድር ላይ ነው፤ ቤቴ ደብረ ብርሃን። እንግዳ ሲመጣ እወጣለሁ፣ ሲጠፋ እወርዳለሁ። እንግሊዝኛ እንጀራዬ ስለሆነ «በምን ተማርከው?» የሚለኝ ብዙ ነው። በተለይ ሆቴል ሥራ የገቡ ልጆች አያስቀምጡኝም። ለእያንዳንዱ ከምደጋግም አንዴ ጽፌው ልገላገል።

የምገመግመው የቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽን ሁለት ፕሮግራሞች ነው። ቢቢሲ እንግሊዝኛን በሬዲዮ ማስተማር የጀመረው በአውሮፓውያኑ 1943፣ ገና ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳያልቅ ነው። የቆየ ሙያ ነው ማለት ነው። አንደኛው «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» ይባላል፤ ርዝመቱ ስሙ ላይ አለ። ሁለተኛው «ዚ ኢንግሊሽ ዊ ስፒክ» ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው፣ በአንድ ጊዜ አንድ አባባል ብቻ ይዞ ይመጣል። ሁለቱም ነጻ ናቸው። ድምፁም ይወርዳል፣ የተባለው ሁሉ በጽሑፍም አለ።

«ይወርዳል» የሚለውን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ከጣርማበር ተገንጥሎ ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል፤ ኔትወርኩ እንደ ጉሙ መጣ ሲሉት የለም። እኔ ዋይፋይ ያለው ካፌ ገብቼ አንድ ማኪያቶ አዝዤ የሳምንቱን አወርዳለሁ። ከዚያ ቅጥቅጡ ላይ መስኮት ዳር መያዝና ኢርፎን መሰካት ነው። ሹፌሩ ሙዚቃ ከፍ ካደረገ ግን አለቀ፣ የዚያን ቀን ትምህርት የለም።

አሁን ወደ ይዘቱ። «ሲክስ ሚኒት» ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ነው የሚጀምረው። ወሬው ስለ እንቅልፍ ሊሆን ይችላል፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ስልክ ሱስ። ወዲያው አንዱ ለሌላው ጥያቄ ይጥላል፤ ሦስት ምርጫ ይሰጠዋል። መልሱን ግን እስከ መጨረሻው አይነግሩህም። እኔ ለጥያቄው ስል ብቻ ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰምቻለሁ፤ ተንኮላቸው ገብቶኛል። መሀል ላይ ከሌላ የቢቢሲ ፕሮግራም የተቆረጠ የእውነተኛ ሰው ንግግር ያስገባሉ። እዚያ ጋ ነው ጆሮ የሚፈተነው። አቅራቢዎቹ ለተማሪ ብለው ቃሉን እየለዩ ነው የሚናገሩት፤ ያ ሰውዬ ግን ለማንም አይራራም። ይውጣል፣ ይፈጥናል፣ ሐሳቡን መሀል ላይ ይተዋል። ልክ ጓሳ ላይ እንደማገኛቸው እንግዶች። መጨረሻ ላይ የዕለቱን ስድስት ቃል ወይም አባባል ከልሰው ይሰናበታሉ።

እኔ አንዱን ክፍል መጀመሪያ ያለ ጽሑፍ እሰማዋለሁ። ከዚያ ጽሑፉን ከፍቼ ያ ያመለጠኝ ቦታ ላይ ምን እንዳለ አያለሁ። ብዙ ጊዜ ያመለጠኝ ከባድ ቃል አይደለም። «ጌት»ና «ፑት»፣ «ቴክ»ና «ሴት» ናቸው። ከኋላቸው «ኦፍ» ወይም «አፕ» ሲለጠፍባቸው ሌላ ፍጥረት ይሆናሉ። እንግዳ ማታ ላይ «ዋት ታይም ዱ ዊ ሴት ኦፍ?» ካለህ ስንት ሰዓት እንነሳለን ማለቱ ነው። ይህን በክፍል ውስጥ ማን አስተማረን? እኛ ስለ «ፓሲቭ ቮይስ» ስንጽፍ ነው ያደግነው።

«ዚ ኢንግሊሽ ዊ ስፒክ» ላይ ደግሞ ቀልድ ይበዛል። አንዱ አቅራቢ አባባሉን እንደ ወረደ ይተረጉመውና ይደናገራል፣ ሌላው ያርመዋል። ከዚያ ሦስት ያህል ምሳሌ ይከተላል። ቀልዱ አንዳንዴ የሰርግ ቤት ሽማግሌ ቀልድ ይሆናል፤ ከትሕትና ነው የምትስቀው። ምሳሌዎቹ ግን ይጠቅማሉ፣ ምክንያቱም ማን ለማን ሊለው እንደሚችል ያሳያሉ።

እንደ «ቴክ ኤ ሬይን ቼክ» ያለውን እንመልከት። እንግዳ ማታ እሳት ዳር አረቄ ስትጋብዘው እንዲህ ሊልህ ይችላል። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ዝናብ ምን አመጣው ትላለህ። ነገሩ የአሜሪካ ቤዝቦል ነው። ጨዋታው በዝናብ ሲቋረጥ ተመልካቹ ሌላ ቀን መጥቶ የሚገባበት ወረቀት ይሰጠው ነበር፤ ከአውሮፓውያኑ 1880ዎቹ ጀምሮ። «ዛሬ ይቅርብኝ፣ ሌላ ጊዜ» ነው ነገሩ። አልተቀየመህም፣ አረቄህንም አልናቀም። ይህን ማወቅ ለጋባዥ ትልቅ ነገር ነው። እኛ አገር «እንቢ» ያለን እንግዳ ሦስቴ ካልተለመነ ማን ይተወዋል?

ከዚህ ሁሉ ለሆቴል ልጆች የምመርጠው አንድ ቢሆን «አይም ጉድ» ነው። ሎጅ ላይ እትዬ ቡና አፍልተው ለአንድ እንግዳ ጀበናውን አነሱለት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አይም ጉድ፣ ታንክስ» አላቸው። እትዬ ወደኔ ዞሩ። «ምን አለ?»

«በቃኝ ማለቱ ነው፣ እትዬ።»

«ጉድ ደህና ማለት አይደለም እንዴ? ደህና መሆኑንማ አየሁት። ልቅዳ ወይስ አልቅዳ?»

እትዬ ትክክል ናቸው፤ ከቃሉ ተነስተህ መልሱን አታገኘውም። ያው ሰው ጠዋት «ሃው አር ዩ?» ሲሉት በዚሁ ቃል ደህና ነኝ ይላል። ማታ ሲቀዳለት በዚሁ ቃል አይ ይላል። የሚለየው ጀበናው ነው።

እንግሊዞቹ ደግሞ ከአሜሪካኖቹ ይብሳሉ። «ኖት ባድ» ካለህ ደስ ብሎታል። «ኖት ባድ አት ኦል» ካለህ በጣም ደስ ብሎታል። «አይ ማይት ጊቭ ኢት ኤ ሚስ» ካለህ ደግሞ «ማይት» የምትለው ለይሉኝታ የገባች ናት፤ አይሄድም፣ አትጠብቀው። ይሄ ለመንዝ ሰው ሊከብደው አይገባም ባይ ነኝ። የእኛ አባቶች ጎተራው ሞልቶ «አዝመራው እንዴት ነው?» ሲባሉ «ይመስገን፣ ምንም አይልም» ነው የሚሉት። ፕሮግራሙ ይህን የእንግሊዞች ይሉኝታ በአቅራቢዎቹ ወሬ ውስጥ ሳታስበው ያስለምድሃል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው።

ጉድለቱስ? አለ። አንደኛ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእንግሊዝኛ ነው። ገና «ዊዝ»ና «ዊዝአውት» ለሚምታታበት ልጅ ይህን መስጠት ግፍ ነው። ያልበሰለ ጆሮ ስድስት ደቂቃው ስድሳ ይሆንበታል። ለእንደዚህ ዓይነቱ የአሜሪካ ድምፅ የቆዩ የመማሪያ ዝግጅቶች ይሻሉታል። እነሱ በአውሮፓውያኑ 1959 «ስፔሻል ኢንግሊሽ» ብለው ሲጀምሩ 1,500 ገደማ ቃል ብቻ መርጠው፣ ዜናውን ዝግ አድርገው ነበር የሚያነቡት። ከዚያ ጀምሮ ወደ ቢቢሲው መውጣት ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ወሬያቸው የለንደን ወሬ ነው። የባቡር መዘግየት፣ የቢሮ ስብሰባ። እኔ ደግሞ የምፈልገው ሌላ ነው። ጓሳ እንዴት ተጠብቆ እንደቆየ ማስረዳት አለብኝ፤ ማኅበረሰቡ ቄሮ በሚባለው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሳሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ ጊዜው ሲደርስ ከፍቶ እያጨደ እንዳቆየው። ሳሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ እንደሚሆን። ጭላዳ ሳር በል መሆኑን፣ ማታ ገደል ላይ እንደሚያድር። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ 500 ያህል ብቻ እንደቀረ። ለዚህ «ታች» (የሳር ክዳን)፣ «ግሬዝ» (ሳር መጋጥ)፣ «ክሊፍ» (ገደል) የሚሉት ተራ ቃላት ናቸው የሚያበሉኝ። እነሱን ያገኘሁት ከእንግዶች አፍና ከመዝገበ ቃላት ነው። ተራ ቃል የሌለው ፈሊጥ ሽሮ የሌለበት ቅቤ ነው፤ ይሸታል እንጂ አያጠግብም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። መንገድ ላይ የሚሸጡ የፈሊጥ መጽሐፍት አሉ። አንዱን ገዝቼ ነበር፣ ስሙን አልጠራም። እንግሊዝኛው በግራ፣ አማርኛው በቀኝ፣ ገጽ በገጽ። ማን እንደሚለው፣ መቼ እንደሚለው አንድ መስመር የለም። «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» (ዶፍ ዝናብ ነው) አንደኛው ገጽ ላይ ተኮፍሷል። እኔ ክረምትም በጋም ከእንግሊዞች ጋር ውዬ ይህን ያለ ሰው አልገጠመኝም። በዝናብ ጊዜ የሚሉት «ኢትስ ፖሪንግ» ነው፣ ወይም ሽቅብ አይተው ዝም ነው። ገንዘባችሁን ለሌላ አድርጉት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። ፈሊጥን ለመስማት ተማሩ እንጂ ለመናገር አትቸኩሉ። ባለፈው ጠዋት ነጭ ጉም ውስጥ ቀይ ቀበሮ ብቅ አለና ካሜራው ሳይወጣ ሳሩ ውስጥ ገባ። እንግዳዬ እየሳቀ «ብሊንክ ኤንድ ዩል ሚስ ኢት!» አለ። ዓይን ከተርገበገበ ያልፋል ነው። ገባኝ፣ አብሬው ሳቅኩ፣ በቃ። እኔ ራሴ በሌላ ቀን ያንን ለሌላ እንግዳ ለማለት አልሞክርም። «ኢት ዋዝ ቬሪ ፋስት» እላለሁ፣ ሥራዬን ይሠራልኛል። ማታ ብርዱ ሲመጣ ግን «ሌትስ ኮል ኢት ኤ ዴይ» (ለዛሬ ይብቃን) ያለኝን እንግዳ ደግመህ በለኝ ሳልለው ወደ ሎጁ መንገድ እጀምራለሁ።

ደረጃ ስጥ ካላችሁኝ፣ «ሲክስ ሚኒት» ከአምስት አራት ተኩል። «ዚ ኢንግሊሽ ዊ ስፒክ» ሦስት ተኩል፤ ግማሹን የቀነስኩት ለቀልዱ ነው። ከአሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛ ጋር ተጣልቶ ላልወጣ ሰው ሁለቱም ይሆናሉ። የቆዩትን ክፍሎችም አትናቁ፣ ቋንቋው አላረጀም። ጽሑፉን ከድምፁ ጋር አብራችሁ አውርዱ፤ ጣርማበርን ካለፋችሁ በኋላ ብትፈልጉት አታገኙትም። ኢርፎን ደግሞ ባለ ገመዱን ያዙ፣ ገመድ አልባው ቅጥቅጡ ውስጥ ከወደቀ ወንበር ሥር ገብቶ ይቀራል።