የጠረጴዛ አበባ የምታሠሩ ካላችሁ፣ ይቺን ልጅ አትለፏት

ምስጋና ማሳደር አልወድም። በእህቴ የሽምግልና ቀን የምግብ ጠረጴዛችንን ያሳመረችልን ልጅ ሙያዋን አሳምራ የምታውቅ ናት፤ እናንተም ብታውቋት ብዬ ነው የምጽፈው።

እኔ ዲኮር ሲባል ትዝ የሚለኝ አዳራሽ ውስጥ የሚቆመው ያ ረጅም የአበባ ማስቀመጫ ነው። ፎቶ ላይ ያምራል፣ ግን ፊት ለፊታችሁ የተቀመጠውን ሰው ለማየት አንገት ማስገግ ነው። እሷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ቀለም አልነበረም። ስንት ሰው ይቀመጣል? ማን ከማን ፊት ለፊት? ትሪው የት ያርፋል? ሽማግሌዎቹ መልሳቸውን ካገኙ በኋላ ከአባቴና ከአጎቶቼ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው እየበሉ ስለሚጫወቱ፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚቆም ነገር አላስቀምጥም ብላ ቁርጡን ነገረችኝ።

የሠራችው በሙዳይ ነው። ክዳናቸው የተነሳ የስንደዶ ሙዳዮች፣ ውስጣቸው ውሃ ያለበት ብርጭቆ ተደብቆ፣ አበባውን ደግፎ የሚይዘው ደግሞ ተጠቅልሎ የገባ የሽቦ ወንፊት። ብዙዎች የሚሰኩበትን አረንጓዴ ስፖንጅ አትወደውም፤ ተፈርፍሮ የሚቀር ፕላስቲክ ነው ትላለች፣ እውነቷን ነው። ጽጌረዳዎቹን ትንንሽ መረጠች። እንደ ሆለታ ያለ ደጋ ላይ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ አበባው ይተልቃል፣ እንደ ዝዋይ ሞቅ ያለ ቦታ ግን ቶሎ ይደርስና አነስ ይላል፣ ለሙዳይ የሚሆነው አነስ ያለው ነው፣ ዋጋውም ይቀላል ብላ አስረዳችኝ። በየመሃሉ የጥብስ ቅጠል ሰካች። ሽታው ከምግብ ጋር አይጣላም።

አክስቴ አበባው ሊሊ የሚባለው ካልሆነ ብላ ነበር (አክስቴ ያልተሟገተችበት ድግስ አይቼ አላውቅም)። ልጅቷ በትህትና፣ "እትዬ፣ ሽታው የወጡን ሽታ ይውጠዋል፣ ብናኙም ነጠላዎ ላይ ከነካ በቀላሉ አይለቅም" አለቻት። አክስቴ ዝም! ለዚህ ብቻ እንኳን ምስጋና ይገባታል።

ከተስማማነው ዋጋ ላይ አንድ ብር አልጨመረችም፤ በዚህ ዘመን ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ቤታችሁ ሙዳይ ካለ በእሱ ትሠራላችኋለች፣ ሒሳቡንም ትቀንሳለች። ስትሄድ ደግሞ ለእናቴ ግንዱን በሰያፍ እንዴት እንደምትቆርጥ፣ ውሃ የሚነካውን ቅጠል ለምን እንደምታነሳ አሳይታት ሄደች፣ ውሃውንም ቶሎ ቶሎ ቀይሪው አለቻት። አበባው እንግዶቹ ከሄዱ በኋላም ብዙ ቆየልን።

አንድ ቅር ያለኝ ነገር ስልክ አታነሳም። አበባ ስትሠራ እጇ እርጥብ ስለሆነ ነው አሉ፣ ብቻ እኔን አናደደችኝ። ቴሌግራም ላይ ከጻፋችሁላት ግን ማታ ማታ ትመልሳለች። አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ለጥምቀት ሰሞን ወይም ከፋሲካ በኋላ ለሚሆን ሠርግ ከሆነ ግን ቀድማችሁ ያዟት፣ ብቻዋን ነው የምትሠራው።