ኤል.ሲ. ስሚዝ ሾትጋን ከወራት በኋላ፦ ሰደፉ ተሰንጥቋል፣ ግን አልሸጠውም

ሰደፉ ተሰነጠቀ። ከዚሁ ልጀምር፤ ኤል.ሲ. ስሚዝ የሚባለውን የድሮ የአሜሪካ ባለ ሁለት አፈሙዝ ሾትጋን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት ይህንን ነው። በግራ በኩል፣ ከጎን ብረቱ ጭራ ተነስቶ ወደ ኋላ የሚሄድ ቀጭን መስመር ነው። የአደን ወቅቱ አልቆ ሳጸዳው አየሁት። ጥፍሬን አስኬድኩበት፣ ያዘኝ። ጭረት አይደለም።

ለሻጩ ደወልኩ። «እሱማ የስሚዝ ጠባይ ነው፣ አብዛኛው ይሰነጠቃል» አለኝ። ይህ መልስ እስካሁን ያናድደኛል። ጠባዩን ካወቅክ ስትሸጥልኝ ለምን ዝም አልክ? «እንጨቱ ንጹህ ነው፣ ምንም የለበትም» ያልከኝ አንተ አይደለህም? የታወቀ ድክመት ያለበት ዕቃ ሲሸጥ ድክመቱ ተነግሮ ዋጋው ላይ ይታሰባል። «ሁሉም እንደዚያ ነው» ማለት ማብራሪያ እንጂ ይቅርታ አይሆንም።

ምክንያቱን ላስረዳ። በአሜሪካ በብዛት የተሠሩት ሌሎቹ ባለ ሁለት አፈሙዞች፣ እነ ፓርከርና ፎክስ፣ የመምቻ ዕቃቸውን የያዙት መሃል ባለው የብረት አካል ውስጥ ነው። ስሚዝ ግን ግራና ቀኝ ባሉ ሁለት የጎን ብረቶች ላይ ነው የገጠመው። ውበቱም ከዚያ ይመጣል፣ ችግሩም ከዚያ። ብረቶቹ እንዲገቡ እንጨቱ ከውስጥ በደንብ ተፈልፍሏል፤ የቀረው ግድግዳ ስስ ነው። በተተኮሰ ቁጥር ርግጫው የብረቱን ጭራ ከዚያ ስስ እንጨት ጋር ያጋጨዋል። በዚህ ላይ ዘይቱ አለ። የድሮ ባለቤቶች ጠመንጃውን በዘይት አርሰው፣ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርገው ጥግ ላይ ያቆሙት ነበር። ዘይቱ ለአሥርት ዓመታት ወደ ታች ወርዶ ሰደፉ ራስ ውስጥ ገባ። ዘይት የጠጣ ዋልነት (ሰደፉ የተሠራበት እንጨት) ደግሞ ይለሰልሳል፣ ርግጫውን አይችልም። አሮጌ ጠመንጃ ያላችሁ ሰዎች፣ ካጸዳችሁ በኋላ አፈሙዙን ወደ ታች አድርጋችሁ አቁሙት። ምንም ወጪ የለውም።

ጠጋኙ ዘንድ ስወስደው ያቀረበልኝ የመጀመሪያ ሐሳብ «ሙሉ በሙሉ እናድሰው» የሚል ነበር። ሰደፉን መላግ፣ አዲስ ቫርኒሽ፣ አፈሙዙን እንደገና ማጥቆር፣ የጎን ብረቶቹን እንደገና ቀለም ማስያዝ። እንደ አዲስ ያብለጨልጫል አለኝ። እምቢ አልኩ። የፈለግኩት ዘይቱ ከእንጨቱ እንዲወጣ፣ ስንጥቁ ውስጥ ቀጭን ማጣበቂያ እንዲገባና ከብረቱ ጭራ ጀርባ ያለው እንጨት በትንሹ ተነስቶ ብረቱ እንዳይነካው ብቻ ነው። እሱን ሠራልኝ። ከዚያ ወዲህ ቀለል ያለ ጥይት ነው የምተኩስበት፣ መስመሩም አልተነቃነቀም።

ለምን እምቢ አልኩ? የዚህ ዓይነት ጠመንጃ ዋጋው ያለው ካልተነካው ነገሩ ላይ ነው። ይህንን ለብዙ ሰው ማስረዳት አቅቶኛል፣ ሲያትል ያሉ የአገሬ ልጆችም ጭምር «እንዲህ ያረጀ ነገር ይዘህ?» ይሉኛል። የጎን ብረቶቹ ከፋብሪካ ሲወጡ በአጥንትና በከሰል ተጋግለው ሰማያዊ፣ ቡናማና ግራጫ የተቀላቀለበት ቀለም ነበራቸው። የእኔዎቹ ላይ ያ ቀለም የቀረው እጅ በማይደርስበት ጥግ ብቻ ነው፤ ሌላው ወደ ብርማ ግራጫ ደብዝዟል። ይህ የእጅና የዕድሜ ሥራ ነው፣ ማንም በአንድ ሳምንት አያመጣውም።

እዚያው ሱቅ ውስጥ የታደሰ ስሚዝ በ1,800 ዶላር ተቀምጦ ነበር። የእኔ 950 ነው። ሻጩ ወደዚያኛው ሊጎትተኝ ብዙ ደከመ። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነገር ነው። የታደሰው ላይ እንጨቱ ከብረቱ ዝቅ ብሏል፤ ፋብሪካው የሚተወው ግን እንጨቱን ከብረቱ ትንሽ ከፍ አድርጎ ነው። ተልጓል ማለት ነው። ብረቱ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ፊደላት ጠርዛቸው ጠፍቷል፣ ሞርደው አለስልሰውታል። የብሎኖቹ ራስ በካቻቪቴ ተበልቷል። አፈሙዙም ጥቁርና አብረቅራቂ ነው፣ እኔን ከሁሉ ያስፈራኝ ይሄ ነው። ሁለቱ አፈሙዞችና መሃላቸው በርዝመት የሚሄደው ቀጭን ብረት (ሪብ) የተያያዙት በለስላሳ ብየዳ ነው። ድሮ የሚያጠቁሩት ቀስ ብሎ በሚዝግ ዘዴ ነበር። ዛሬ ብዙ ቦታ የሚሠራበት የፈላ የኮስቲክ ጨው ግን ያንን ብየዳ ይበላዋል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ አፈሙዙን ፈታችሁ በጣት አንጠልጥሉና በትንሹ ምቱት። ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮሃል፣ ይቆያል። ብየዳው የለቀቀው ይንኮሻኮሻል።

ጫፉንም እዩ። በደህናው ስሚዝ ሁለቱ አፈሙዞች ጫፍ ላይ ይነካካሉ። መሃላቸው ክፍተት ካለ ወይም ክፍተቱ በብየዳ ከተደፈነ ተቆርጧል ማለት ነው፣ ፍሬው ቶሎ እንዳይበተን የሚያደርገው የጫፉ ጥበትም አብሮ ሄዷል። ጠመንጃውን የሚከፍተው ከላይ ያለው ምላስ ደግሞ ሲዘጋ ከመሃል ወደ ቀኝ ዘንበል ቢል ጥሩ ነው፤ እያለቀ ሲሄድ ወደ ግራ ያልፋል። የእኔ አሁንም በቀኝ ነው። ቁጥሩም በአፈሙዙ፣ በአካሉና በፊት እንጨቱ ብረት ላይ አንድ ነው። ከነዚህ አንዱ ከተለየ ጠመንጃው ከሁለት ጠመንጃ የተገጣጠመ ነው፣ ዋጋውም ይወርዳል።

ልቤን የሞላው ግን ደብዳቤው ነው። ዋዮሚንግ፣ ኮዲ ከተማ ያለው የቡፋሎ ቢል ማዕከል የተባለው ሙዚየም የኤል.ሲ. ስሚዝን የፋብሪካ መዝገብ ይዟል፤ በቁጥሩ ትጠይቃላችሁ፣ ይጽፉላችኋል። የእኔ ፊልድ ግሬድ (ጌጥ የሌለው ተራው ደረጃ)፣ 12 ጌጅ (የአፈሙዙ ስፋት መለኪያ)፣ 30 ኢንች አፈሙዝ፣ በ1920ዎቹ ከፉልተን ኒው ዮርክ የወጣ ነው ብሎ መጣ። ለክቼው የነበረው ሁሉ ገጠመ፤ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ሻጩ «ጀርባው ላይ የጎማ ፓድ ቢጨመርበት ይሻላል» ሲለኝ የነበረው ሰደፍ እንኳ ቁመቱ ከመዝገቡ ጋር አንድ ነው።

በነገራችን ላይ ሲያትል መሃል ከተማ ያለውን ስሚዝ ታወር የተባለ ሕንጻ ያቀደው ራሱ ጠመንጃው ላይ ስሙ ያለው ላይማን ኮርኔሊየስ ስሚዝ ነው። የጠመንጃውን ሥራ በ1880ዎቹ መጨረሻ ለሃንተር ወንድማማቾች ሸጦ ወደ ታይፕራይተር ገባ፣ ትልቁን ሀብት ያገኘው ከዚያ ነው። ሕንጻው በ1914 ሲከፈት እሱ ሞቶ ነበር። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ቤት ያስቀመጥኩት ትዝ ይለኛል።

ስለ አተኳኮሱ ብዙ የምለው የለኝም። ሚዛኑ ጥሩ ነው፣ ፌዛንት (የዱር ወፍ) ሲነሳ ትከሻ ላይ ቶሎ ይቀመጣል፣ ሁለቱ ምላጮች ለመልመድ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋሉ። የሚያማርረኝ የጥይቱ ዋጋ ነው። በአሜሪካ ከ1991 ጀምሮ ዳክዬና ዝይ በእርሳስ ፍሬ አይታደንም፣ የብረት ፍሬ ደግሞ እንዲህ ላለው አሮጌ አፈሙዝ አይሆንም። ስለዚህ ከብረት የሚለሰልሰውን የቢስመዝ ፍሬ እገዛለሁ፣ ኪስ ያራቁታል።

ዛሬ እንደገና ብጠየቅ ያንኑ ጠመንጃ እገዛለሁ፤ ስንጥቁን እያሳየሁ ግን ቢያንስ 200 ዶላር አስቀንሳለሁ። ወደ ሱቅ ስትሄዱ ትንሽ የእጅ ባትሪ ያዙ። ሻጩ ስለ ቀለሙ እያወራ እያለ እናንተ ከሁለቱም የጎን ብረቶች ጀርባ አብሩበት። መስመር ካያችሁ ዝም ብላችሁ ጣታችሁን አስቀምጡበትና ዋጋውን እንደገና ጠይቁ።