የፒክአፕ የፊት አሞርዛተር፦ እሱ ብቻ ይቀየር ወይስ ከነሞላው?

ከባሕር ዳር እስከ ወረታ አስፋልት ነው፤ መኪናው ምንም አይልም። ሩዝ ወይም ሽንኩርት ለመጫን ወደ ፎገራ ማሳዎች ስትገቡ ግን የፊት እግሩ ይናገራል። ቋ ቋ ይላል። ፍሬን ሲያዝ አፍንጫውን ይደፋል። ጎማው እዚህም እዚያም እየጎደጎደ ይበላል። ጋራዥ ስትወስዱት መካኒኩ ገና ክሪክ ሳያስገባ «አሞርዛተሩ አልቋል» ይላችኋል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ጭንቀቱ የትኛው ይገዛ የሚለው ላይ ነው።

የድሮው ኤልኤን 166 ሃይሉክስና የመጀመሪያው ዲማክስ ፊት ለፊት ሞላ የላቸውም፤ የሚሸከማቸው ቶርሽን ባር፣ ማለትም እየተጠማዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ የብረት ዘንግ ነው። አሞርዛተሩ ለብቻው ስለሚፈታ ብዙ አታስቡ፤ ጥሩውን ገዝታችሁ ግጠሙ። ምርጫው የሚከብደው ቪጎ ከሚባለው ሞዴል ወዲህ ላሉት ሃይሉክሶችና ለአዲሱ ዲማክስ ነው። እነዚህ ላይ ሞላው አሞርዛተሩን አቅፎ ነው የሚቀመጠው።

ከነሞላው ተገጣጥሞ የሚሸጠው ሲታይ ያጓጓል። ከላይ ሦስት ዳዶ፣ ከታች አንድ ብሎን፣ አለቀ። መካኒኩም ከሞላ ጋር አይታገልም። ግን ርካሹ ላይ ያለው ሞላ ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል? ስስ ከሆነ ጭነት ሲያርፍበት ይተኛል፤ ደረቅ ከሆነ ባዶ መኪና ላይ ወገብ ይቆርጣል። እኔ ደህና ያለውን የፋብሪካ ሞላ አውጥቼ ስሙን የማላውቀውን አዲስ አላስገባም።

ሞላው ደህና መሆኑን ማወቅ ቀላል ነው። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ባዶውን አቁሙ። ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለኩ፤ ግራና ቀኝ። እኩል ከሆነ፣ ሞላውም ካልተሰነጠቀና ዝገት ካልበላው ይቆይ። አንዱ ጎን ከወረደ ሁለቱም ሞላዎች ይቀየሩ።

እንግዲህ አሞርዛተሩን ብቻ ስትገዙ የላይኛውን ጎሚኒ፣ ማለትም አሞርዛተሩ ከላይ የሚታሰርበትን ላስቲክ፣ አብራችሁ ግዙ። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚቆጥበው፤ የማይገባኝ ቁጠባ ነው። አሮጌው ሲወጣ እዩት፤ ጠርዙ እንደ ደረቀ እንጀራ በጣት ይፈረፈራል። እሱን መልሳችሁ ከገጠማችሁ ያ ቋ ቋ አይለቃችሁም፤ አዲሱ አሞርዛተር በከንቱ ይታማል።

የዚህኛው መንገድ ችግር ሥራው ነው። ሞላው በትክክለኛ ማጥበቂያ፣ ማለትም ሞላውን አምቆ በሚይዝ መሣሪያ፣ መታሰር አለበት። በሽቦና በሰንሰለት የሚያስሩ አሉ። ሞላው ሳይታሰር የመሃሉን ዳዶ የሚፈታ መካኒክ ካያችሁ መጀመሪያ ራሳችሁን አርቁ። የታመቀ ሞላ ሰው ይገድላል። ማጥበቂያ ያለው ጋራዥ ካላገኛችሁ፣ ከታወቀ ፋብሪካ የመጣ ሙሉው ይሻላችኋል።

የአሞርዛተሩ ዓይነትስ? ድርብ ቱቦ (አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ) እና ነጠላ ቱቦ አለ። የካያባ ኤክሴል-ጂ ድርብ ቱቦ ነው፤ የአውስትራሊያው ኦልድ ማን ኢሙ ናይትሮቻርጀርም እንደዚያው። ነጠላ ቱቦ ሲባል ቢልስታይን ቀድሞ ይነሳል። ነጠላው ዘይቱ ከውጭ አየር የሚለየው በአንድ ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ ያስወጣል፤ ረጅም ኮሮኮንች ላይ ቶሎ አይደክምም። ነገር ግን ፒስተኑ የሚሮጠው ራሱ የውጩ ግድግዳ ላይ ነው። ድንጋይ ተፈናጥሮ ከጎደጎደው ሊነክስ ይችላል። ድርቡ ይህን ይችላል፤ ጉዳቱ በጭነትና በፍጥነት ሲንገላታ ዘይቱ አረፋ ሠርቶ መላላቱ ነው። ለከተማና ለመካከለኛ ጭነት ድርቡን እመርጣለሁ። ሙሉ ጭነት ይዞ ጠጠር ላይ የሚውል ሰው ወደ ነጠላው ቢሄድ አልከራከረውም።

ያገለገለ አሞርዛተር አትግዙ። ዘይት ተሞልቶ የታደሰውንም እንዲሁ። ይኸው ነው።

ዕቃው ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚመጣላችሁ ከሆነ የመኪናውን ዓመተ ምርትና የሻንሲ ቁጥር አስቀድማችሁ ላኩ። ሲደርስ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥርና ብረቱ ላይ የታተመው አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ድርብ ቱቦ ከሆነ ከመገጠሙ በፊት ቀጥ አድርጋችሁ ጥቂት ጊዜ ግፉት፣ ሳቡት። መሃል ላይ ባዶ የሚሄድ ቦታ ካልጠፋ መልሱት። ሁልጊዜም በጥንድ ነው የሚገዛው።

ሲገጠም የታችኛው ብሎን የመጨረሻ ጥብቀት የሚሰጠው መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። በክሪክ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ከዚያ አላይመንት፣ የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል። ዋጋውን ከመጀመሪያው ሂሳባችሁ ውስጥ አስገቡት፤ የፊት ጎማ ከእሱ ይበልጥ ውድ ነው።