ለአነስተኛ የቢትኮይን ማይነሮች የመረጥኩት ባለ 7 ወደብ ዩኤስቢ ሃብ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

አዲስ አበባ በሚገኘው ቤቴ ጌኮሳይንስ ኮምፓክ ኤፍ የተባሉ አራት ማይነሮችን (ቢትኮይን ለማግኘት ስሌት የሚሠሩ፣ በዩኤስቢ የሚሰኩ ትንንሽ መሣሪያዎችን) ከአንድ ራስበሪ ፓይ (ትንሽ ኮምፒውተር) ጋር የማገናኘው የራሱ አዳፕተር ባለው ባለ 7 ወደብ ሃብ (አንዱን የዩኤስቢ ወደብ ወደ ብዙ የሚያበዛ ዕቃ) ነው። ሻጮች በጉልህ የሚጽፉት የወደቦቹን ብዛት ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ከሁሉ ያነሰ ዋጋ ያለው መረጃ እሱ ነው። መደበኛ የዩኤስቢ 2.0 ወደብ 0.5 አምፔር፣ የዩኤስቢ 3.0 ደግሞ 0.9 አምፔር ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 ለገበያ የቀረበው ብሎክ ኢራፕተር የተባለው የዩኤስቢ ማይነር የሚወስደው 2.5 ዋት (በ5 ቮልት 0.5 አምፔር) ገደማ ስለነበር ይህ ይበቃው ነበር። ኮምፓክ ኤፍ ግን አንትማይነር ኤስ17 በተባለው ትልቅ ማይነር ላይ የምናውቀውን ቢኤም1397 ቺፕ የያዘ በመሆኑ፣ በ400 ሜጋኸርዝ ሲሠራ እያንዳንዱ ከ1.5 አምፔር በላይ እንደሚስብ በዩኤስቢ መለኪያ አይቻለሁ።

ስለዚህ በቅድሚያ ያነበብኩት የአዳፕተሩን ጽሑፍ ነው። 12 ቮልት በ5 አምፔር 60 ዋት ቢሆንም፣ ሃቡ ይህን ወደ 5 ቮልት ሲያወርድ ከፊሉ በሙቀት መልክ ስለሚባክን፣ ለማይነሮቹ 10 አምፔር ገደማ ይተርፋል ብሎ ማስላት ይሻላል። ለአንዱ 2 አምፔር ከተያዘ አራቱ 8 አምፔር ይወስዳሉ፤ ሰባቱንም ወደብ በማይነር መሙላት የማይታሰብ ነው። እኔም በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ5ኛውና በ7ኛው ወደብ ላይ ብቻ ስለሰካኋቸው በመካከላቸው አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተገኝቷል። ከጎን የቆመ ማራገቢያ ግን የግድ ነው።

በእኛ ከተማ ሁኔታ ከአምፔሩ ቀጥሎ የሚታየው ማብሪያው ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ በጣት ሲነኩት የሚበራ ማብሪያ ያላቸው አንዳንድ ሃቦች ሰው መጥቶ እስኪያበራቸው ድረስ ጠፍተው ይቆያሉ፤ የእኔው ግን ተጭነውት በቦታው የሚቆይ ሜካኒካል ማብሪያ ስላለው ወዲያው ሥራውን ይቀጥላል። ማይነሮቹን የሚያሠራው ሲጂማይነር የተባለው ፕሮግራምም ፓዩ ሲነሳ አብሮ እንዲጀምር ስላዘጋጀሁት፣ ሌሊት መብራት ቢጠፋ እንኳ ከእንቅልፌ የምነሳበት ምክንያት የለም።

ቅር ያሰኘኝ ጉድለት የኤሌክትሪክ ኃይልን ወደ ኋላ መመለሱ ነው። የፓዩን የራሱን አዳፕተር ነቅዬ ሃቡን ብቻ ስተወው የፓዩ ቀይ መብራት በርቶ ይቀራል፤ ማለትም 5 ቮልቱ በዳታ ኬብሉ በኩል ወደ ፓዩ ይገባል። ለጊዜው የኬብሉን የ5 ቮልት እግር በቀጭን ኢንሱሌሽን ቴፕ በመሸፈን ገትቼዋለሁ፤ ገዢ ሁሉ ግን ዕቃው እንደደረሰው ይህንኑ ሙከራ ቢያደርግ መልካም ነው።

ለትርፍ ብሎ የሚገዛ ካለ ገንዘቡን ይያዝ። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ወዲህ አንድ ብሎክ (የቢትኮይን ግብይቶች የሚመዘገቡበት ጥቅል) ላገኘ ማይነር የሚሰጠው ሽልማት 3.125 ቢትኮይን ሲሆን፣ የአራቱ ማይነሮች ድምር ፍጥነት በሰከንድ አንድ ቴራሃሽ (አንድ ትሪሊዮን የሙከራ ስሌት) ገደማ ነው፤ የመላው ኔትወርክ አቅም ግን ከ500 ሚሊዮን ቴራሃሽ በላይ ነው። እኔ የያዝኩት ሥራውን ለመማር ነው።

ከባህር ማዶ በሰው የሚያስመጣም አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መጻፉን ያረጋግጥ፤ ለ110 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ሶኬት ላይ ይቃጠላል።