በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጠውን «የጀልባ ቫርኒሽ» አትግዙ

የእንጨት ጀልባ ሞዴል ሠርታችሁ ውኃ ላይ የምታንሳፍፉ ሁሉ፣ ከትልቅ ጣሳ ወደ ሃይላንድ እየተቀዳ «ዋናው ማሪን ነው» (ውኃ የሚቋቋም የጀልባ ቫርኒሽ ማለት ነው) ተብሎ በርካሽ ከሚቀርብላችሁ ቫርኒሽ ተጠንቀቁ። መለያው የማይታይ ቫርኒሽ ምን ያህል ቲነር እንደገባበት አይታወቅም፤ የብዙ ሳምንት ልፋት የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

መበረዙን ቤት ውስጥ ማጣራት ይቻላል። ስንዝር በስንዝር የሆነ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ በስሱ ሚዛን መዝኑ። 5 ግራም ቫርኒሽ አፍስሱበትና በቡሩሽ ሳትነኩት ቆርቆሮውን እያዘነበላችሁ በስሱ አዳርሱት። አየር ባለበት፣ አቧራ በሌለበት ቦታ ሦስት አራት ቀን አቆይታችሁ መልሳችሁ መዝኑ። ያልተበረዘ የዘይት ቫርኒሽ ከክብደቱ ግማሽ ገደማ ያስቀራል፣ ማለትም 2.5 ግራም አካባቢ። 1 ግራም ብቻ ከቀረ አብዛኛውን ገንዘብ የከፈላችሁት ለሚተን ነገር ነው። አምስት ጊዜ ብትቀቡትም የሁለት ቅብ ውፍረት ነው የሚሰጣችሁ።

ሌላው ማታለያ ናይትሮ ላከርን፣ ማለትም ቶሎ የሚደርቀውን የቤት ዕቃ ቫርኒሽ፣ ማሪን ብሎ መሸጥ ነው። ሻጩ «በግማሽ ሰዓት ይደርቃል» ካለ ይህን ጠርጥሩ፤ የዘይት ማሪን ቫርኒሽ በቅቦች መካከል አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል። ናይትሮ ለቤት ውስጥ ዕቃ መልካም ነው፣ ግን ደረቅና ተሰባሪ ነው። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ አብሮት አይለጠጥም፣ ይሰነጠቃል። የፕሮፔለሩ ዘንግ የሚወጣበትን ቀዳዳ ዙሪያ ተመልከቱ፦ መጀመሪያ ነጭ ቀለበት ይወጣል፣ ቀጥሎ ሽፋኑ በጥፍር ሲነኩት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ያልደነደነ የዘይት ቀለም ላይ ከተቀባ ደግሞ የታችኛውን ቀለም አኮማትሮ ያነሳዋል።

ባለ ሁለት ክፍል ፖሊዩረቴንም፣ ማለትም ከማጠንከሪያ ፈሳሽ ጋር ተዋህዶ የሚቀባው ቫርኒሽ፣ እየተከፋፈለ ይሸጣል። ማጠንከሪያው ከአየር እርጥበት ጋር ስለሚዋሃድ የተከፈተ ጠርሙስ እየወፈረ ይበላሻል። የአንዱን አምራች ማጠንከሪያ ከሌላው ጋር አታዋህዱ። መጠኑም በዓይን ግምት አይሆንም፤ ሲያንስ ሽፋኑ ሲያጣብቅ ይኖራል፣ ሲበዛ ይሰባበራል። በስፕሬይ መርጨት ሳንባን ስለሚጎዳ ተራ የአቧራ ጭምብል አድርጋችሁ እንዳትሞክሩት።

ስለዚህ አምራቹ፣ ዓይነቱና የመበረዣው መጠን የተጻፈበትን የታሸገ ጣሳ በደረሰኝ ግዙ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ስለምትገዙት ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አላችሁ። ለአንድ ሞዴል ብዙ ስለማይፈጅ ሁለት ሦስት ሆናችሁ አንድ ጣሳ ብትካፈሉ ያዋጣል።

ለዘይት ቫርኒሽ መለያው ከፈቀደ የመጀመሪያውን ቅብ ራሳችሁ እኩል በእኩል አቅጥኑት፣ እንጨቱ ውስጥ እንዲሰርግ። ከዚያ ሳይቀጥን አራት ወይም አምስት ጊዜ ቀቡ፤ በየመካከሉ በ320 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ ዱቄቱንም ጥረጉ። ውስጡንም አትርሱ! ከውጭ ብቻ የተቀባ ጀልባ ከውስጥ እርጥበት ጠጥቶ ሽፋኑን ከሥር ይገፋዋል። የተቆረጠ የእንጨት ጫፍና የምሰሶ ቀዳዳ አንድ ሁለት ቅብ ይጨመርላቸው።

ጀልባውን ከመንካታችሁ በፊት ግን ከዚያው እንጨት ቁራጭ ወስዳችሁ ሁሉንም ቅብ ሞክሩበት፣ ሳምንት ይድረቅ፣ ከዚያ ውኃ ውስጥ ይደር። ጠዋት ከነጣ ወይም በጥፍር ከተነሳ ያንን ቫርኒሽ ጀልባው ላይ አታድርጉት።